ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፤ የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ከየት ልጀምር? አባቷ የታክስ ወረቀቱን አልሰጥም ብሏል

የቨርጂኒያ እናት | ኦክቶበር 12

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን ጨንቆኛል።

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። በዲቪ ከመጣን ዘጠኝ ዓመት ሆነን። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፣ እኔ ሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያን እንከባከባለሁ። ትልቋ ልጄ ስንመጣ ሦስተኛ ክፍል ገባች፤ እንግሊዝኛ አትሰማም ነበር። ዛሬ 12ኛ ክፍል ናት፣ ጂፒኤዋ 3.9 ነው። ታናናሽ ወንድሞቿን የምታስጠናው እሷ፣ ከባንክ የመጣ ደብዳቤ የምታነብልን እሷ፣ ሐኪም ቤት የምታስተረጉምልኝም እሷ ናት።

በቀደም ማታ ከሥራ ስገባ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወስዷት አገኘኋት። ደብተሯ ክፍት ነው። በአንድ በኩል የኮሌጅ ስም፣ በሌላ በኩል የዓመት ዋጋ በእርሳስ ጽፋለች። አንዱ ጋ 88,000 ይላል፤ ሁለት ጊዜ ሰርዛዋለች። ሳልቀሰቅሳት ቆሜ አለቀስኩ።

ቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴት «ለስደተኛ ቤተሰብ ሴቶች ልጆች ብዙ ስኮላርሺፕ አለ፣ 1,500 ዶላር ከፍለሽ የሚፈልግልሽ ሰው አለ» አለችኝ። የትምህርት ቤቷ ካውንስለር ደግሞ መጀመሪያ ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የተማሪ እርዳታ ፎርም ሙሉ ትላለች። ለዚያ የታክስ መረጃ ያስፈልጋል። ባለቤቴ «ገቢዬን ለማንም አልዘረግፍም» ብሎ ዘጋው። በዚያ ላይ ልጅቷ ከቤት ርቃ እንድትማር አይፈልግም። ምን ላድርግ?

ፋይናንስ ኤይድ ቢሮ የምሠራ | ኦክቶበር 12

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የፋይናንስ ኤይድ ቢሮ ከሠራሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ የኛን ልጆች ፋይል በየዓመቱ አያለሁ። ከሁሉ በፊት 1,500 ዶላሩን ለማንም እንዳትሰጪ። ፋፍሳ መሙላት በነጻ ነው። እውነተኛ ስኮላርሺፕ ገንዘብ ይሰጣል እንጂ ገንዘብ አይቀበልም።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነው። «የስደተኛ ልጅ ለሆነች ሴት» ተብለው ስም የወጣላቸው ስኮላርሺፖች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ 500፣ 1,000፣ ቢበዛ ጥቂት ሺህ ዶላር። ትሞክር፣ አይናቁም። ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን ከመንግሥትና ከራሳቸው ከኮሌጆቹ ካዝና ነው፤ እሱም የሚከፈተው በፋፍሳ ነው። ለ2025-26 የትምህርት ዘመን ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተማሪ መንግሥት የሚሰጠው ፔል ግራንት ቢበዛ በዓመት 7,395 ዶላር ነው፣ አይመለስም። እናንተ ግሪን ካርድ ስላላችሁ ለፌዴራል እርዳታ ብቁ ናችሁ። ዜግነት እስክታገኙ መጠበቅ የለባችሁም።

ጓዳቸው የሞላ የግል ኮሌጆች በፋፍሳ ላይ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሁለተኛ ፎርም ይጠይቃሉ። የቤተሰቡ ገቢ በዓመት እስከ 100,000 ዶላር ከሆነ እሱም በነጻ ነው። ደብተሯ ላይ የሰረዘችው 88,000 የሱቅ መስኮት ላይ የተለጠፈ ዋጋ ማለት ነው። ባለጠጋው ያንን ይከፍላል፤ የናንተን ዋጋ የምታውቁት ግን ፎርሙ ገብቶ መልስ ሲመጣ ብቻ ነው። ልጅሽ ገና ዋጋዋን ሳታውቅ ኮሌጁን ሰርዛዋለች። እኔን ያሳዘነኝ እሱ ነው።

ከቤታችሁም ቅርብ የሆነ ነገር አለ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ በዲሴምበር 2023 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ገቢያቸው እስከ 100,000 ዶላር ለሆነና ብዙ ንብረት ለሌላቸው የቨርጂኒያ ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ ከ50,000 በታች ከሆነ መኝታና ምግቡንም ጭምር። ልጅሽ ይህን ታውቃለች?

ባለቤትሽን በተመለከተ፦ ታክስ የምታስገቡት በጋራ ከሆነ ለፋፍሳ የአንድ ወላጅ አካውንትና ፈቃድ ይበቃል። ያ አንቺ መሆን ትችያለሽ። ነገር ግን ከጀርባው አድርጊው ብዬ አልመክርሽም።

ባለታክሲው | ኦክቶበር 13

እህት፣ እኔ ባልሽን እረዳዋለሁ። ዲሲ ውስጥ ሃያ ዓመት ነድቻለሁ፣ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ።

ትልቋ ፎርሙን ስትሞላ እኔም እንደሱ ነው ያልኩት። «ገቢዬን ለመንግሥት አልናገርም» አልኩ። መንግሥት እኮ ያውቀዋል፣ በየዓመቱ አስገባለታለሁ! እውነቱን ልንገርሽ፤ የፈራሁት መንግሥትን አልነበረም። ልጄን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስነዳ አድሬ የማመጣው ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ ሲደመር ስንት እንደሆነ እንድታይ አልፈለግሁም። ለሷ አባቷ ትልቅ ሰው ነው። ለአገር ቤት የሚልክ፣ ለሰርግ የሚያዋጣ፣ ዕቁብ የሚጥል ሰው ነው። ያቺ ወረቀት ላይ ያለችው ቁጥር ግን ትንሽ ናት።

መጨረሻ ላይ ሰጠኋት። ቁጥሩን አየችና ዝም አለች። ጠዋት ስነሳ የምሳ ዕቃዬን ሞልታ በር ላይ አስቀምጣልኛለች። በሕይወቷ አድርጋው አታውቅም።

ባልሽን አትጋፊው። ምናልባት የደበቀው ይህንኑ ሊሆን ይችላል።

ፋይናንስ ኤይድ ቢሮ የምሠራ | ኦክቶበር 13

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቢሮ ውስጥ አባቶች ተቀምጠው የማይናገሩትን ተናገርክ።

በዚህ ጉዳይ ደስ የሚል ዜና አለ። ከ2024-25 ጀምሮ ፋፍሳው ተለውጧል። ወላጅ በራሱ አካውንት ገብቶ ፈቃድ ይሰጣል፣ የታክስ መረጃው ከታክስ መሥሪያ ቤቱ በቀጥታ ወደ ፎርሙ ያልፋል። ያለፈው ቁጥር ለተማሪዋ አይታይም። ስለዚህ «ልጄ እንዳታየው» ለሚል አባት ፋፍሳ ችግር አይሆንም። ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ግን እንደዚህ አይደለም፣ ቁጥሩ በእጅ ይሞላል፤ በልጅቷ አካውንት ወላጅ ቁጭ ብሎ ራሱ ሊሞላው ይችላል።

ሲያትል ያለች | ኦክቶበር 13

ስለ ርቀቱ እኔ ልናገር።

እኔ 12ኛ ክፍል ሳለሁ ከሌላ ስቴት ኮሌጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ መጣልኝ። መኝታ፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የአውሮፕላን ትኬት ሳይቀር። ደብዳቤውን ለአባቴ ተርጉሜ ያነበብኩለት ራሴ ነኝ። ጨርሼ ቀና ስል «ሴት ልጅ ብቻዋን የት ትሄዳለች? እዚሁ ተማሪ» አለኝ። በቃ። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነበር፤ ምጣዱን ከድና ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በሁለተኛው ዓመት ወንድሜ ከኔ ባነሰ ውጤት ካሊፎርኒያ ሄደ። ለሱ ድግስ ተደገሰ።

እኔ እዚሁ ተማርኩ፣ በብድር። ዛሬ ጥሩ ሥራ አለኝ፤ ብድሬን ግን 39 ዓመቴ ድረስ ስከፍል ኖርኩ። አባቴን እወደዋለሁ። ነፍሱን ይማርና፣ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። ግን ያን ቀን እናቴ አንድ ቃል ተናግራ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አሁንም አስባለሁ። የቨርጂኒያዋ እናት፣ አንቺ ዝም እንዳትዪ።

የቨርጂኒያ እናት | ኦክቶበር 14

አንብቤ መልስ መጻፍ አቅቶኝ ነበር። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የባለታክሲውን ጽሑፍ ለባለቤቴ አነበብኩለት። ምንም አላለም። ግን ቴሌቪዥኑን ዘግቶ ነው የሰማው። ቆይቶ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛ፣ በዚህ ወር ዕቁብ ደርሶናል፤ 12,000 ዶላር ባንክ ተቀምጧል፣ ገና ሰባት ወር የምንጥለው ዕዳ አለብን። ሀብታም ያስመስለናል ወይ? ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አለን፣ እህቱ ነው የምትኖርበት። ይጻፋል ወይ?

ፋይናንስ ኤይድ ቢሮ የምሠራ | ኦክቶበር 14

እነዚህን ጥያቄዎች ሌላ ቦታ ብትጠይቂ የሚመልስልሽ አታገኚም፣ ዕቁብ ምን እንደሆነ ስለማያውቁ።

ፋፍሳ የሚጠይቀው ፎርሙን በምታስገቡበት ቀን ባንክ ያለውን ገንዘብ ነው። የዕቁቡ 12,000 ያን ቀን ባንክ ካለ ይቆጠራል፤ የቀረው መዋጮ ግን ተቀናሽ የሚሆንበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም። ዕቁቡ ለታሰበለት ጉዳይ፣ ለመኪናም ለቤት ኪራይም፣ የሚውል ከሆነ አውሉትና ከዚያ ሙሉ። ካልሆነም አትጨነቁ፤ ከወላጅ ንብረት የሚታሰበው ቢበዛ በዓመት 5.64 በመቶ ነው። ከ12,000 ላይ ወደ 680 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ገንዘቡን በዘመድ አካውንት መደበቅ ግን አይሆንም። የምትፈርሙት በሕግ ፊት ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ይጻፋል። ከምትኖሩበት ቤት ሌላ ያለ ቤት ሁሉ፣ ኢትዮጵያም ቢሆን፣ ንብረት ነው። የሚጻፈው ቢሸጥ ከሚያወጣው ላይ የቀረው የባንክ ዕዳ ተቀንሶ ነው። ገቢያቸው ከ60,000 በታች የሆኑ ቤተሰቦች ንብረት እንዳይጠየቁ የሚያደርግ ደንብ አለ፤ ነገር ግን ኡበር የሚነዳ ሰው ታክሱ ላይ ስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢ የሚጻፍበት ቅጽ) ስለሚያስገባና ከዚያ ያለው ትርፍ ከ10,000 ካለፈ ደንቡ ስለማይመለከተው እናንተ ላይ አይሠራ ይሆናል። ፎርሙ ራሱ ይነግራችኋል። ከጠየቀ እውነቱን ጻፉ።

ከዚያ ደብዳቤ ጻፉ። ይህን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ፋፍሳ ለእናታችሁ በየወሩ የምትልኩትን፣ የወንድም ልጅ ትምህርት ቤት የምትከፍሉትን አይጠይቅም። የኮሌጁ ፋይናንስ ኤይድ ቢሮ ግን የቤተሰቡን ልዩ ሁኔታ ተመልክቶ የማስተካከል ሥልጣን አለው፤ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ላይም ይህን የምታስረዱበት ቦታ አለ። የላካችሁበትን ደረሰኝ አያይዙ። «ቤቱ የባለቤቴ እህት መኖሪያ ነው፣ ኪራይ አይገኝበትም» በሉ። «ዕቁብ ማለት እንዲህ ነው፣ ከዚህ ውስጥ ይህን ያህሉን ለአባላቱ መልሰን የምንጥለው ነው» ብላችሁ በአንድ አንቀጽ አስረዱ። እኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ የወሰንኩበት ጊዜ አለ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ | ኦክቶበር 15

ሰላም እትዬ። እናቴ ናት ይህን ገጽ የላከችልኝ። አማርኛ ስጽፍ ብሳሳት ይቅርታ።

እኔ የተወለድኩት ጎንደር ነው፣ ያደግኩት ሲልቨር ስፕሪንግ። አሁን ማሳቹሴትስ ውስጥ የሴቶች ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። አባቴ መጀመሪያ ፈቃደኛ አልነበረም። የሴቶች ኮሌጅ የሚባል ነገር እንዳለ ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። ለአባትዬውም ይንገሩት፤ ማውንት ሆልዮክ ከ1837 ጀምሮ ሴቶችን የሚያስተምር ነው፣ ስሚዝ፣ ዌልዝሊ፣ ብሪን ማር፣ ባርናርድም አሉ። ከነዚህ የተቀበሏት ተማሪ መክፈል የማትችለውን ሁሉ የሚሸፍኑ አሉ። ስሚዝ ከ2022 መኸር ጀምሮ በእርዳታው ውስጥ የነበረውን ብድር አውጥቶ በስጦታ ተክቶታል። ዲሲ ራሱ ውስጥ ደግሞ ትሪኒቲ ዋሽንግተን አለ፣ እንደኛ ከስደተኛ ቤተሰብ የመጡ ሴቶች የሚበዙበት። ከቤት መራቅ ካልተፈቀደላት እሱን ትይ።

አንድ ነገር ስለ ኤሴይ፣ ከማመልከቻው ጋር ስለሚጻፈው ድርሰት። አስተማሪዎች የስደት መከራሽን ጻፊ ይሉናል። እኔም መጀመሪያ ሆስፒታል ለእናቴ ያስተረጎምኩበትን ቀን ጻፍኩ። ሳነበው የኔ አልመስል አለኝ፣ እናቴንም ምስኪን አስመሰልኳት። ቀደድኩት። ከዚያ የአባቴን የዕቁብ ደብተር ጻፍኩ። አባቴ የዕቁቡ ጸሐፊ ነው፣ ደብተሩን ከ12 ዓመቴ ጀምሮ የምይዝለት እኔ ነኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ ቤታችን ይመጣሉ፣ እኔ ስም እጠራለሁ፣ ገንዘብ እቆጥራለሁ፣ የቀረ ካለ በቀይ እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ ሥራ አጥቶ ሦስት ሳምንት ሳይጥል ቀረ። ሰዎቹ ተነጋግረው ተራቸውን ለሱ ለቀቁለት። እኔ ቀዩን በሰማያዊ ጻፍኩበት። በቃ ያን ጻፍኩ። አሁን የምማረው ኢኮኖሚክስ ነው።

ልጅዎ ቁጥር የምትጽፍበት ደብተር አላት ብለዋል። ከዚያ ትጀምር።

ሌላ ደግሞ ወር አልፎባታል እንጂ ለታናናሾቿ ያስቡት። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ጎበዝ ተማሪዎች ከኮሌጅ ጋር የሚያገናኘው ኩዌስትብሪጅ የሚባል ፕሮግራም ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ይዘጋል፤ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ከአንዱ ኮሌጅ ጋር ከተገጣጠመች አራቱም ዓመት ይሸፈንላታል። ጌትስ ስኮላርሺፕም ሴፕቴምበር 15 ነው፣ ፔል ግራንት ለሚገባቸው ነው። እኔ ሁለቱንም ያወቅኩት ካለፈኝ በኋላ ነው። የ11ኛ ክፍል ወላጆች እባካችሁ ይህን አሁን ያዙት።

ነርሷ | ኦክቶበር 15

ሁሉም ስለ ትልልቅ ኮሌጅ ሲያወራ እኔ ስለ ኖቫ፣ እዚሁ ስላለው የሁለት ዓመት ኮሌጅ ልናገር።

በ19 ዓመቴ በዲቪ መጣሁ። እንግሊዝኛ ቋንቋ ክፍል ገባሁ፣ ማታ ማታ ፓርኪንግ ገንዘብ እቀበል ነበር። ኖቫ፣ ማለትም ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በፔል ግራንት ተማርኩ፣ ብድር አልነካሁም። ዛሬ ነርስ ነኝ፤ አምስት ዓመት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሠርቻለሁ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የገባች ልጅ የወደቀች የሚመስለው ወላጅ አለ፤ ተው፣ እንዲህ አትበሉ። ከኖቫ በተወሰነ ውጤት ለጨረሰች ልጅ የቨርጂኒያ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዋስትና ያለው የዝውውር ስምምነት አላቸው።

ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ጂ ስሪ የሚባል ፕሮግራም አላት፤ ጤና፣ ኮምፒውተርና የመሳሰሉትን የሚማር ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያለው ተማሪ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በነጻ ይማርበታል። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚዘዋወሩ ጎበዞች ደግሞ የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ አለ፤ በዓመት እስከ 55,000 ዶላር ይደርሳል። ፉክክሩ ከባድ ነው፣ ግን አለ።

እዚህ ላሉ እናቶችም፦ ልጆች ወልደን ትምህርት ያቋረጥን ሴቶችም አለን። ፒኢኦ የሚባለው የሴቶች ማኅበር ትምህርት አቋርጠው ለሚመለሱ ሴቶች ይሰጣል። ሶሮፕቲሚስት የቤተሰብ ዋና ደጋፊ ለሆነች ሴት የሚሰጠው ሽልማት አለው። ጃኔት ራንኪን ፋውንዴሽን 35 ዓመት ለሞላቸውና ከዚያ በላይ ላሉ ሴቶች ነው። የቨርጂኒያ እናት፣ ልጅሽን ስታስገቢ ለራስሽም ጠይቂ።

ስለ እህቴ ልጅ | ኦክቶበር 16

ወሬያችሁን ላለማቋረጥ በአጭሩ። የእህቴ ልጅ ከእናቷ ጋር ጥገኝነት ጠይቃ ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። 12ኛ ክፍል ናት። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አላት። ፋፍሳ ትሙላ?

ፋይናንስ ኤይድ ቢሮ የምሠራ | ኦክቶበር 16

ሶሻል ስላላት ብቻ ብቁ አትሆንም። ጥገኝነት የተሰጠው ሰው ብቁ ነው፤ ጉዳዩ በጥያቄ ላይ ያለ ግን ለፌዴራል እርዳታ ብቁ አይደለም። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለውም እንዲሁ። በዚህ ሰዓት ጠበቃዋን ሳታማክር የፌዴራል ፎርም ባትሞላ እመርጣለሁ። ሞልታ የምታገኘው ነገር የለም።

ይህ ማለት ግን በሩ ሁሉ ተዘጋ ማለት አይደለም። ነርሷ የጠቀሰችው የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ዜግነት አይጠይቅም፤ ማመልከቻው ኖቬምበር ውስጥ ስለሚዘጋ ዛሬውኑ ገብታ ትይ። የግል ኮሌጆች የራሳቸውን ገንዘብ ለማን እንደሚሰጡ ራሳቸው ይወስናሉ። በስልክ «ጥገኝነት በጥያቄ ላይ ያለ ተማሪን እንዴት ነው የምታዩት?» ብላ ትጠይቅ፤ ስሟን መናገር የለባትም። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅም አለ። ከ1855 ጀምሮ ያለ ነው፣ ለትምህርት አያስከፍልም፣ ተማሪው ሁሉ እዚያው ይሠራል። ለሷ ሁኔታ ምን እንደሚሉ ደውላ ትጠይቃቸው።

የቨርጂኒያ እናት | ኖቬምበር 2

ፋፍሳው ትናንት ማታ ገባ!

ባለቤቴ ቅዳሜ አልነዳም። ማታ ልጆቹ ሲተኙ «በይ አምጪው» አለኝ። ጠረጴዛው ላይ እሱ፣ እኔና ልጄ ተቀመጥን። አካውንቱን ለመክፈት ሦስት ጊዜ መለሰብን። ለካ ስሙ ነው። ሶሻል ካርዱ ላይ የአባቱ ስም በአንድ «ኤስ» ነው፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ በሁለት። ልጄ ደግሞ በአባቷ ስም ትጠራለች፣ እሱ በአባቱ፣ እኔ በአባቴ። ሦስታችንም የቤተሰብ ስማችን ይለያያል። ለእርዳታ ስንደውል ስልኩን ያነሳችው ሴት «ይህ ሰውዬ በእርግጥ አባትሽ ነው?» አለቻት። ልጄ ሳትቆጣ አስረዳቻት፤ «በኛ አገር ልጅ የአባቱን ስም ይዞ ይሄዳል፣ አያቱን ደግሞ አባቱ ይይዛል» አለቻት። ባለቤቴ እንግሊዝኛው ገብቶት ነበር፤ ቀና ብሎ አያት።

ፈቃድ የሚሰጥበት ገጽ ላይ ሲደርስ ልጄ ሳትጠየቅ ተነስታ ውኃ ልትቀዳ ሄደች። እንዳታይ ብላ ነው። ባለቤቴ ተጫነው። ከዚያ ጠራትና ሲኤስኤሱን «ነይ አብረን እንሙላው» አላት።

ለሌሎች እናቶች፦ ትምህርት ቤቱ የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል። ለካውንስለሯ ነግሬ በስልክ አገናኘችን። ልጄ ለራሷ ጉዳይ ራሷ እንዳታስተረጉም ብዬ ነው።

ባለታክሲው | ኖቬምበር 2

ውኃ ልትቀዳ ሄደች። ይህች ልጅ ትባረክ።

የቨርጂኒያ እናት | ማርች 29

መልስ መጣ፣ ግን ማንበብ ይከብዳል። እርዱኝ።

ሦስት ደብዳቤ አለ። የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ገና አልተሟላም። ሁለተኛው የሌላ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጠቅላላ ዋጋ 52,000፣ «የተሰጠሽ እርዳታ 45,000» ይላል። ሦስተኛው የሴቶች ኮሌጅ ነው፣ ማሳቹሴትስ። ጠቅላላ 90,400። ከዚያ ግራንት 75,405፣ ፔል 7,395፣ ወርክ ስተዲ 2,600። ቤተሰብ 5,000። ባለቤቴ ሁለተኛው 7,000 ብቻ ነው የሚቀረው፣ ሦስተኛው 90,000 ነው እያለ ግራ ተጋብቷል።

ፋይናንስ ኤይድ ቢሮ የምሠራ | ማርች 29

የሁለተኛውን ደብዳቤ እያንዳንዱን መስመር ላኪልኝ።

የቨርጂኒያ እናት | ማርች 29

ፔል 7,395። የዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ 12,105። ዳይሬክት ሎን 5,500። ፓረንት ፕላስ 20,000።

ፋይናንስ ኤይድ ቢሮ የምሠራ | ማርች 29

ይኸው። ዳይሬክት ሎን ልጅሽ የምትበደረው ነው። ፓረንት ፕላስ ደግሞ አንቺ ወይም ባለቤትሽ በስማችሁ የምትበደሩት ከነወለዱ የሚከፈል ዕዳ ነው። ከ45,000 ውስጥ 25,500ው ብድር ነው። ስጦታው 19,500 ብቻ ነው። በዓመት ከናንተ ኪስና ከብድር የሚወጣው 32,500 ነው፣ ለአራት ዓመት። ብድርን «እርዳታ» ብሎ በአንድ ዓምድ መደመር ስንት ቤተሰብ እንዳሳሳተ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ይህን ሳይ ሁልጊዜ እናደዳለሁ።

ሦስተኛው ላይ ብድር የሚባል የለም። ስጦታው 82,800 ነው። 2,600ውን ልጅቷ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ግቢው ውስጥ ሠርታ ደመወዝ ታገኝበታለች። ከናንተ የሚጠበቀው 5,000 ነው። በአንድ ጊዜ ካስቸገረ ኮሌጁን የወር ክፍያ ጠይቁት። ከውጭ ትንንሽ ስኮላርሺፕ ካገኘች ደግሞ ከመቀበሏ በፊት ኮሌጁ ከየትኛው ላይ እንደሚቀንስ ትጠይቅ። አንዳንዱ ከራሱ ግራንት ላይ ይቀንሳል፤ ሜሪላንድ በ2017 በሕዝብ ኮሌጆቿ ይህን በሕግ የከለከለችው ለዚህ ነው። እዚያ ግን ማሳቹሴትስ ነው፣ ጠይቁ።

ፋፍሳና ሲኤስኤስ በየዓመቱ እንደገና ይሞላሉ። ኦክቶበር 1ን ቀን መቁጠሪያ ላይ አሁን ጻፉት።

ሲያትል ያለች | ማርች 30

አባትዬውስ? ፈቀደ?

የቨርጂኒያ እናት | ኤፕሪል 14

ቅዳሜ በሱ መኪና ሄደን አየነው። ስምንት ሰዓት ነዳ፣ አልደከመኝም አለ። ግቢውን ሲዞሩ ከኋላቸው ነው የሄደው፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። መኝታ ቤቱን ያሳየችንን ተማሪ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት፤ «የኛ ቤተ ክርስቲያን በስንት ማይል ላይ አለ?» ልጄ ተረጎመችለት። ልጅቷ አታውቅም ነበር፣ ስልኳን አውጥታ ፈለገችለት። ሲመለስ መንገድ ላይ ምንም አላለም። ቤት ስንደርስ የዕቁቡን ሰብሳቢ ደውሎ አዲሱ ዙር ሲጀመር በ500 አንድ ዕጣ ያዝልኝ አለው። አሥር ወር ነው፣ 5,000 ይሞላል። የመጀመሪያዋን ዕጣ እንዲሰጡን ለምኗል፤ ልጄ ኮሌጅ የምትገባው ኦገስት ላይ ነው።